ስትዘጉ የመክፈቻውን ቀን አብራችሁ ጻፉ

ሰላም ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ነርስ ሁኑ፣ ጤና ኤክስቴንሽን፣ መምህር ወይም የወረዳ ዕቅድ ሠራተኛ፣ በወረርሽኝ ጊዜ የልጆች ክትባትና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ነገር ሁላችሁንም ይመለከታል። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሕፃናት ክትባት ላይ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረተኛ መቼም ምክር ይወዳል፤ ቻሉኝ።

ሌላ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ግብረ ኃይል ሲቋቋም የሚነበበውን ቁጥር ታውቁታላችሁ፦ ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንት ሞተ፣ ስንት አልጋ ቀረ። ልጆች በዚህ ቁጥር ውስጥ ብዙም አይታዩም። ኮቪድ ከሌላው ሰው ሲነጻጸር ሕፃናትን የገደለው በጥቂቱ ነው። የተረሱትም ለዚሁ ነው። ደግሞ እኛ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ትልልቅ ሰው በተሰበሰበበት ልጅን ማንሳት ብዙም አይቀናንም።

ኮንጎን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 አጋማሽ በምሥራቅ ኮንጎ ኢቦላ ተነሣ። ዓለም ሁሉ ዓይኑን እዚያ ላይ ተከለ። ወረርሽኙ እስኪያበቃ ወደ 2,300 ሰው ገደለ። በ2019 ደግሞ ኩፍኝ በመላ አገሪቱ ተዛመተና በአንድ ዓመት ገደማ ከ6,000 በላይ ሰው ጨረሰ። አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። የኩፍኝ ክትባት ርካሽ ነው፤ ከተገኘም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኢቦላን መዋጋቱ ትክክል ነበር፣ እሱን አልከራከርም። ግን አንዱን በሽታ ስትቆጥሩ ሌላው ከጀርባችሁ ልጆችን ሊወስድ ይችላል።

ወደ አገራችን ልምጣ። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት የጅምላ የክትባት ዘመቻዎች ለጊዜው ይቁሙ አለ። ሰው ይሰበሰባል፣ በሽታው ይዛመታል ተብሎ ነው። ምክንያቱ አይናቅም። በሚያዝያ ሊካሄድ የነበረው የእኛ የኩፍኝ ዘመቻም ተራዘመ። እኔን ደስ የሚለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኮቪድ እስኪያልፍ አልተጠበቀም። ባለሙያው ማስክና ሳኒታይዘር ይዞ፣ እናቶችን አራርቆ አስቀምጦ፣ በሰኔ መጨረሻ ዘመቻው ተጀመረ። ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከተቡ። ወረርሽኝ እያለ ይህ ይቻላል ማለት ነው፤ ዝግጅት ብቻ ይጠይቃል። ማንም «አይቻልም» ሲላችሁ ይህን ዘመቻ ጥቀሱለት።

የኮቪድ ክትባት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ክትባቱን የሚወጋው ያው የሕፃናት ክትባት ባለሙያ ነው። ፍሪጁም ያው፣ መኪናውም ያው። አዲስ ሥራ ሲመጣ አዲስ እጅ ካልተቀጠረ፣ የቆየውን ሥራ ማን እየሠራው ነው? ይህን ጥያቄ በጀት ሲነበብ ጠይቁ። ጥያቄው አይወደድላችሁም፤ ቢሆንም ጠይቁ።

አዲስ የተወለዱትም አሉ። በኮቪድ የተጠረጠረች እናት ከጨቅላዋ የተለየችባቸው ብዙ አገሮች ነበሩ። ጥንቃቄ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር ታየ። ትንንሽ ሆነው የተወለዱ ጨቅላዎች ከእናታቸው ገላ ጋር ተጣብቀው ቢቆዩ ከ125,000 በላይ ሕይወት ሊተርፍ ይችላል። በኮቪድ ሊሞቱ ይችላሉ የተባሉት ጨቅላዎች ከ2,000 ያንሳሉ። የምንፈራውን አደጋ መዝነን፣ በፍርሃታችን የምናመጣውን ሳንመዝን ስንቀር እንዲህ ይሆናል።

ትምህርት ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ መጋቢት 7 ዘጋን። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። እንደገና መክፈት የተጀመረው በጥቅምት 2013 ነው። በትግራይ ከዚያ ጦርነቱ ተደረበና ልጆቹ ለ3 ዓመት ገደማ ከክፍል ራቁ። ዩጋንዳ ለ2 ዓመት ጥቂት ሲቀረው ዘግታ ቆየች፤ 15 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ማለት ነው። ዴንማርክ ግን ከአንድ ወር በኋላ ከፈተች፣ ያውም ከትንንሾቹ ጀምራ። ምግብ ቤቱና ካፌው ከልጆቹ በኋላ ነው የተከፈተው። ዴንማርክ ሀብታም ናት፣ ክፍሎቿም አይጨናነቁም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ቅደም ተከተል ማውጣት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ማን ቀድሞ ይከፈት የሚለው የእኛው ውሳኔ ነው።

ትምህርቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንሰጣለን ስትሉም አንድ ነገር አጣሩ። ልጁ ቤት ሬዲዮ አለ ወይ? ቢኖርስ፣ ለእንጨት ለቀማ ወይም ለከብት ጥበቃ የተላከች ልጅ በሰዓቱ ቤት ትገኛለች ወይ? ትምህርት ቤት የሚማሩበት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ በቀን አንዴ የሚጠግበው እዚያ ነው። አንዳንዷ ልጅ ከጋብቻ የምትተርፈው ክፍል ውስጥ ስላለች ነው፤ ከዴስኩ ስትጠፋ የሚያስተውላት መምህር አለ።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። የልጆች ነገር በወረርሽኝ ጊዜ ሲዘጋ ውሳኔው ላይ ሦስት ነገር አብሮ ይጻፍ፦ እስከ መቼ፣ በምን ይተካል፣ መልሶ የሚከፍተው ማነው። ቀን ያልተጻፈበት መዝጋት በራሱ አይከፈትም። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የወረርሽኝ ስምምነት ጸድቋል። ጥሩ ነው። ግን የቡሬ ወይም የጂንካ ሕፃን ጉዳይ ጄኔቫ ላይ አያልቅም። ወረዳ ላይ ነው የሚያልቀው፣ እናንተ ቃለ ጉባኤ በምትይዙበት ክፍል ውስጥ።

አሁን የሚሠራም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 25 ሚሊዮን ሕፃናት የዲፍቴሪያ፣ የትክትክና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት (እኛ ጋ በፔንታ ውስጥ የሚሰጠው) ቢያንስ አንዱ ዙር አምልጧቸዋል። ያን ጊዜ ያመለጣቸው ልጆች አድገዋል፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ይሮጣሉ። አንዳንድ ባለሙያ የሦስት ዓመት ልጅ ሲመጣለት «ዕድሜው አልፏል» ብሎ ይመልሳል፤ መዝገቡ ላይ ለእሱ ቦታ ስለሌለ ነው። አትመልሱ፤ የቀረውን ክትባት ጀምሩለት። ካርዱ የጠፋባት እናት ስትመጣም አትቆጧት። ማስረጃ ከሌለ እንዳልተከተበ ቁጠሩና ክተቡት፤ አንድ የኩፍኝ ክትባት ቢደገም ልጁን አይጎዳውም። አዲስ ካርድ ጻፉላት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ንገሯት፣ ስልክ ካላት መዝገባችሁ ላይ ያዙ።