የእንስሳት ሐኪም ሳልሆን የዱር እንስሳትን በሽታ መከታተል እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በጂኦግራፊ ልመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ አስቀምጦ መተንተን) በጣም እወዳለሁ። የዱር እንስሳትን በሽታ በካርታ መከታተል የሚባል ሥራ እንዳለም ሰማሁ። ግን የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ይሳካልኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ይሳካልሻል። በሽታው ምን እንደሆነ የሚለየው ሐኪሙና ላብራቶሪው ነው። የት ተነሳ? ወዴት እየሄደ ነው? ይህን ለመመለስ ግን ካርታ የሚያውቅ ሰው የግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ካዛክስታን ውስጥ ከ200,000 በላይ ሳይጋዎች በጥቂት ሳምንታት አለቁ። ሳይጋ ሜዳ ላይ በመንጋ የሚኖር፣ ድኩላ መሰል እንስሳ ነው። የገደላቸው ባክቴሪያ ጤነኞቹም ላይ የሚገኝ ነው። ታዲያ ያኔ ምን ተፈጠረ? ተመራማሪዎች የሞቱበትን ቦታና ጊዜ ከአየር ሁኔታ መረጃ ጋር አስተያዩት። ከእልቂቱ በፊት በነበሩት ቀናት አየሩ ከወትሮው ይልቅ ሞቃትና እርጥበታማ ነበር። ይህን ከናሙና ብቻ ማወቅ አይቻልም። ያንቺ ሙያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሶፍትዌሩ አያስጨንቅሽ። ኪውጂአይኤስ በነፃ ይገኛል፤ በራስሽ ትለምጂዋለሽ። ከባዱ ነገር ካርታው ላይ የሞቱ እንስሳት የተገኙበትን የሚያሳዩትን ነጥቦች መጠርጠር ነው። የሞተ እንስሳ በብዛት የሚገኘው ሰው በሚደርስበት ቦታ ነው። መንገድ ዳር ነጥብ ስለበዛ በሽታው እዚያ በዝቷል ብለሽ አትቸኩዪ። ባዶው ቦታም ከበሽታ ነፃ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሄዶ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ የዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ የት የት እንደዞሩ፣ የት ፈልገው እንዳጡ ጭምር ጠይቂ። ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የምፈትንሽ በዚህ ነው።

ስታቲስቲክስ ላይ ግን በርቺ፤ እሱ ከሌለ ካርታው ሥዕል ብቻ ይሆናል።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ለዚህ ተጠቀሚበት። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ዋሂስ የሚባል፣ ለማንም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት አለው። ከዚያ የዱር አእዋፍን የወፍ ጉንፋን ሪፖርቶች አውርጂና በየወሩ እንዴት እንደተዛመተ በካርታ አሳዪ። ከእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አንዱን አጋር ብታደርጊ ደግሞ በጣም ይጠቅምሻል።

ሥራ ስትፈልጊ በዚህ ስም የወጣ ማስታወቂያ ብዙም አታገኚም። «ኤፒዲሚዮሎጂ» (የበሽታ ስርጭት ጥናት)፣ «ዋን ሄልዝ» (የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤናን አንድ ላይ ማየት)፣ «የጥበቃ ዳታ» (የዱር እንስሳት ጥበቃ መረጃ) እያልሽ ፈልጊ። አብዛኛው የፕሮጀክት ኮንትራት ስለሆነ ቋሚ ቦታ እስኪገኝ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስታመለክቺ ካርታሽን አያይዢ፤ ካርታው ምን ማሳየት እንደማይችልም በአንድ ገጽ ጽፈሽ ጨምሪበት።