ያገለገለ አጭር ሪቮልቨር፦ ከላዩ በፊት ከበሮውን ይፈትሹ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። የመሣሪያ ፈቃድ አለኝ። ባለ አምስት ጎራሽ፣ አጭር አፈሙዝ ያለው ሠላሳ ስምንት ስፔሻል ሪቮልቨር ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ቃታውም በጣም ቀላል ነው። ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ከበሮው ግን በእጅ ሲነኩት ይነቃነቃል። ወገቤ ላይ ይዤው የምውለው ነው። ልግዛው?

መልስ፦ በጣም ቀላል ነው ያሉትን ቃታ ነው መጀመሪያ የምጠረጥረው። የዚህ ዓይነት ሪቮልቨር መዶሻው ሳይሳብ በቃታው ብቻ ሲተኮስ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ግድም ጉልበት ይጠይቃል። ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነው። በጣም ከቀለለ አብዛኛውን ጊዜ የመዶሻው ሞላ ተቆርጧል ወይም ተሞርዷል። የደከመ ሞላ መዶሻውን በቂ ጉልበት አይሰጠውም፤ ካፕሱሉን፣ ማለትም የጥይቱን ሥር ማቀጣጠያ፣ ጫር አድርጎ ብቻ ያልፋል፣ ጥይቱም አይተኩስም።

የከበሮው መነቃነቅ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ከበሮው ግራና ቀኝ ትንሽ ቢላወስ ችግር የለውም። ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን መለካት አለበት። ከጋራዥ የቫልቭ ክፍተት መለኪያውን ፊለር ጌጅ ይዋሱ። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ከበሮውን ከፍተው አምስቱንም ቀዳዳ በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ከዚያ ከበሮውን ዘግተው፣ በከበሮውና በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ አንዴ ከበሮውን ወደፊት ገፍተው፣ አንዴ ወደኋላ ስበው። ክፍተቱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከ0.3 በላይ ከሆነ የባሩድ ጋዝና የእርሳስ ብናኝ በጎን ይተፋል። የሁለቱ ልኬት ልዩነት ከ0.1 ከበለጠ ከበሮው ተበልቷል፣ ይተውት።

ዋናው ፈተና ግን ሌላ ነው። መዶሻውን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ወደኋላ ይሳቡ፤ በሌላው እጅ ጣት ከበሮውን በስሱ ነካ አድርገው ያዝ ያድርጉት፣ በራሱ ግፊት እንዳይሽከረከር። መዶሻው ጫፍ ደርሶ ከመያዙ በፊት ከበሮው ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። ይህንን በአምስቱም ቀዳዳ፣ አንድም ሳይዘሉ ይድገሙት። አራቱ ደህና ሆኖ አንዱ ቢዘገይ እንኳ መሣሪያው ጤነኛ አይደለም። ያ ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጣጠም ሲተኮስ የአፈሙዙ ጠርዝ እርሳሱን ይላጨዋል፤ ፍንጣሪው አጠገብዎ የቆመውን ሰው ያገኘዋል። ከበሮው ላይ ያሉት የመቆለፊያ ጎድጎዶች ጠርዛቸው ተቀጥቅጦ ከሰፋ፣ መሣሪያው ያለ ጥንቃቄ ሲያዝ ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መዶሻውን ስበው፣ ጣትዎን ከቃታው አውጥተው፣ በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ወደፊት ይግፉት። ከወደቀ መቆለፊያው ተበልቷል፤ በምንም ዋጋ አይግዙት።

የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ በተለይ በታችኛው በኩል ስስ ነው፣ ስንጥቅ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ጥላሸትና እርሳስ ስለሚሸፍነው በብሩሽ አጽድተው በስልክ መብራት ይዩት። የአፈሙዙ ውስጥ ላይ ጥቁር ቀለበት ከታየ ጥይት ተቀርቅሮበት ሌላ ተተኩሶበታል። ላዩ ላይ የወጣው አዲስ ቀለም እዚህ ምንም አይነግርዎትም፤ ዝገት የጎደጎደውን ብረት አለስልሶ የሸፈነ ሊሆንም ይችላል።

ጥይቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሠላሳ ስምንት የሚባል ጥይት አንድ ብቻ አይደለም። ስፔሻሉ ቀለሁ 29 ሚሊ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ለአሮጌ እንግሊዝ ሠራሽ ሪቮልቨሮች የተሠራው ደግሞ አጭርና ትንሽ ወፈር ያለ ነው። አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ከበሯቸው ተቦርቡሮ ለስፔሻል ተቀይረዋል። ከነዚህ የሚወጣ ቀለህ ሥሩ አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ይታያል። ሻጩ የተተኮሰበት ቀለህ ካለው ያሳይዎት።

ሽያጩ በእጅ በእጅ እንዳይሆን። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ዝውውሩ ፈቃድ በሚሰጠው አካል በኩል፣ የመሣሪያው ቁጥር ተመዝግቦ መሆን አለበት። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከሆነ ቁጥሩ የሚገኘው እጀታው ሥር ነው፤ ላስቲክ ወይም እንጨት ከሸፈነው ይፍቱት። ከበሮው ሲከፈት፣ ከበሮውን በያዘው ክንድ አጠገብ የሚታየው የሞዴል ወይም የመገጣጠሚያ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል ያንን ብለው አይዋዋሉ። የተፋቀ ቁጥር ካዩ ወዲያው ይመልሱት።

ስለዚህ የእርስዎ መሣሪያ ሁለት ጥያቄ አለበት፤ ሞላውና ከበሮው። ሞላ ይቀየራል። ልኬቱም የአምስቱም ቀዳዳ አቆላለፍም ደህና ከሆነ፣ የኦሪጅናል ሞላ ዋጋና የእጅ ሥራ ከዋጋው አስቀንሰው ይግዙ። ከበሮው ፈተናውን ካላለፈ ግን አይጠገን፤ ክፍሎቹ ለእያንዳንዱ መሣሪያ እየተሞረዱ የሚገጠሙ ናቸው፣ መለዋወጫም እንደ ልብ አይገኝም።

ሲይዙት ቃታውን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ጠንካራ ማህደር ብቻ ይያዙት፤ ቁልፍም ሳንቲምም ባለበት ኪስ አይክተቱት። መሣሪያው ቢወድቅ መዶሻው ካፕሱሉን እንዳይመታ የሚያግድ ክፍል እንዳለው እርግጠኛ ካልሆኑ፣ መዶሻው የሚያርፍበትን ቀዳዳ ባዶ አድርገው አራት ጥይት ብቻ ይጫኑ። ቤት ሲገቡ ከቆዳ ማህደሩ አውጡት፤ ቆዳው በክረምት እርጥበትና ላብ ይይዝና ብረቱን በጥቂት ቀን ያዝገዋል። በስሱ ዘይት ያስነኩና ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።