ለኤጀንት የሚጻፍ ማንዋል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የሰርኪዩት ቦርድ ዲዛይን ሥራቸውን ለኤአይ ኤጀንት (ትዕዛዝ ተቀብሎ ሥራውን በራሱ ለሚያከናውን ፕሮግራም) ማካፈል የጀመሩ አንባቢያን ጥያቄ በርክቷል። አብዛኛው ቅሬታ «ኤጀንቱ አይገባውም» የሚል ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የማገኘው በተጻፈለት ሰነድ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ለባለሙያዎቻችን የሚያገለግል፣ በሥዕል የተደገፈ ጥሩ ማንዋል አለን። እሱኑ ለኤጀንቱ ብንሰጠውስ?

ማንዋላችሁ የተጻፈው ዓይንና እጅ ላለው ሰው ነው። «በስተግራ ያለውን ምልክት ይጫኑ» የሚለው መመሪያ በትዕዛዝ ብቻ ለሚሠራ ኤጀንት አይፈይድም። እሱ የሚፈልገው የትዕዛዙን ስም፣ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስና ፋይሉ ላይ ምን እንደሚለውጥ ማወቅ ነው። ሥዕሉ ይቅር፤ የሚሠራ ምሳሌ ግን አይቅር።

ጥያቄ፦ የትሬሱን (በቦርዱ ላይ ያለውን የመዳብ መስመር) ስፋት 10 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው) አድርግ ብንለው በዓይን የማይታይ መስመር ሠራልን። ክፍሎቹንም ላይ ታች አገላብጦ አስቀመጠ። ምን ነካው?

የመለኪያ ጣጣ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ከዚህ የከፋ የስህተት ምንጭ አላውቅም። ኪካድ በተባለው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር የተሠራን ቦርድ በፓይተን ስክሪፕት ስትነኩ ልኬቱ በናኖሜትር ነው፤ 1 ሚሊሜትር 1,000,000 ሆኖ ይቆጠራል። ያው ቦርድ ፋይል ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በሚሊሜትር ይጻፋል። 10 ሚል 0.254 ሚሊሜትር፣ ማለትም 254,000 ናኖሜትር ነው። ሰነዳችሁ «ስፋት፦ ቁጥር» ብሎ ዝም ካለ፣ ኤጀንቱ 10 ብሎ ይልካል፤ ቱሉም 10 ናኖሜትር ብሎ ይቀበላል። ሰው ቢሆን ስክሪኑን አይቶ ይደነግጥ ነበር፤ ኤጀንት አይደነግጥም። ስለዚህ መለኪያውን ከስሙ ጋር አጣብቁት፦ «ስፋት» ሳይሆን «ስፋት_በሚሜ»።

የተገለበጠው አቀማመጥ ከዋይ (ላይ ታች ከሚለካው የY መስመር) አቅጣጫ የመጣ ይመስለኛል። በኪካድ ቦርድ ላይ ዋይ የሚጨምረው ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ ለቦርድ አምራች በሚላከው የገርበር ፋይል ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ። መነሻ ነጥቡ የት እንደሆነና ዋይ ወዴት እንደሚያድግ ከማንኛውም ትዕዛዝ በፊት ጻፉ።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። አንድ ጊዜ ስለ ቪያዎች፣ ማለትም የቦርዱን ንብርብሮች ስለሚያገናኙት ቀዳዳዎች፣ «በቪያዎች መካከል ያለው ርቀት 0.5 ሚሊሜትር» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ማለቴ ነበር። ኤጀንቱ ከመሃል እስከ መሃል አድርጎ ወሰደው። 0.6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ቪያዎች ተደራርበው ሳገኝ ነው የራሴ ዓረፍተ ነገር የገባኝ።

ጥያቄ፦ «ፍተሻው ያለ ስህተት ተጠናቋል» ይለናል። ቦርዱን ከፍተን ስናይ ግን የዲአርሲ (የዲዛይን ደንብ ፍተሻ) ጥሰት ሞልቶታል። ይዋሻል?

አይዋሽም፤ የተነገረውን አምኗል። ኪካድ በ2023 በወጣው 7ኛው ስሪት ከትዕዛዝ መስመር የሚሠራ ቱል አመጣ፤ በ2024 በ8ኛው ስሪት ደግሞ ዲአርሲና ኢአርሲ (የኤሌክትሪክ ደንብ ፍተሻ) ተጨመሩበት። ውጤቱን በጄሰን (ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) መቀበል ይቻላል። ነገር ግን የዲአርሲ ትዕዛዙ ጥሰት ቢያገኝም፣ በተለየ አማራጭ ካልተጠየቀ በቀር «ሥራዬን ጨርሻለሁ» የሚለውን የዜሮ ኮድ ይመልሳል። ፍተሻው መካሄዱና ቦርዱ ፍተሻውን ማለፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ስኬት ማለት በሪፖርቱ ውስጥ የጥሰት ብዛት ዜሮ ሲሆን ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የመዳብ ዞኖች (በመዳብ የሚሸፈኑት የቦርዱ ቦታዎች) እንደገና ሳይሞሉ ፍተሻ ከተደረገም ሪፖርቱ የሚናገረው ስላለፈው መዳብ ነው፤ ይህንንም ጨምሩበት። ዲአርሲ ሁሉን አያይም፦ ካፓሲተሩ ከሚያገለግለው ቺፕ ርቆ ቢቀመጥ፣ ለዚያ የተጻፈ ደንብ ከሌለ ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ ቱላችንን በኤምሲፒ (ኤጀንትን ከቱሎች ጋር በሚያገናኘው ፕሮቶኮል) ካገናኘን ሰነድ መጻፍ ይቀርልናል?

አይቀርላችሁም። አንትሮፒክ በኅዳር 2024 ይፋ ያደረገው ይህ ፕሮቶኮል የእያንዳንዱን ቱል ስም፣ መግለጫና የግቤት ቅርጽ ለኤጀንቱ ያደርሳል። መግለጫውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ጥያቄ፦ ኤጀንቱ ሁልጊዜ በአሮጌው መንገድ ነው ኮድ የሚጽፈው። እንዴት እናስተወው?

የተማረው ባለፉት ዓመታት ከተጻፈ ኮድ ነውና አይገርምም። ኪካድ በ2025 በ9ኛው ስሪት አዲስ ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ኪካድን የሚያዝበት መንገድ) አስተዋውቆ የቆየው የፓይተን መንገድ እየቀረ መሆኑን አሳውቋል። በሰነዱ ራስ ላይ የስሪቱን ቁጥር አስቀምጡ። «አዲሱን ተጠቀም» ብቻ አትበሉት፤ የአሮጌውን ስም ጠርታችሁ «በዚህ ፈንታ ይህን» በሉት።

ጥያቄ፦ ሰነዱን ራሱ ኤጀንቱ ቢጽፈውስ?

ረቂቁን ይጻፍ። ከዚያ ስለ ፕሮጀክታችሁ ምንም ለማያውቅ ሌላ ኤጀንት ሰነዱን ብቻ ስጡና ትንሽ ሥራ እዘዙት፦ ሁለት ሬዚስተር ያስቀምጥ፣ በትሬስ ያገናኝ፣ ዲአርሲ ያሂድ፣ ሪፖርቱን ያንብብ። የት ቦታ መገመት እንደጀመረ ተከታተሉ፤ የጎደለው ዓረፍተ ነገር እዚያ ነው የሚገባው። ሙከራውን ግን በቅጂ ፋይል ላይ አድርጉት። ነባሩን ፋይል የሚደመስሰው ወይም በላዩ የሚጽፈው ትዕዛዝ የትኛው እንደሆነ የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ ሳይናገር ያልፋል።