ውጥረት፣ ዘርና ሲጋራ፦ ስለ አሜሪካ ወንዶች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሕብረተሰብ ጤና ሙያ ስለ ትምባሆ ለዓመታት ሠርቻለሁና፣ ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያን ወንዶች በውጥረትና በማጨስ ልማድ ስለሚለያዩበት ሁኔታ ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ወንዶች ውጥረት ስለሚበዛባቸው ከነጮች የበለጠ ያጨሳሉ ይባላል። እውነት ነውን?

መልስ፦ የውጥረቱ ነገር እውነት ነው። በሥራ ቅጥር፣ በመኖሪያ ቤትና በፖሊስ ፊት የሚደርሰው አድልዎ ዕለት ዕለት ተደማምሮ ሰውነትን ያለ ዕድሜው እንደሚያስረጅ ተመራማሪዋ አርሊን ጄሮኒመስ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስታስረዳ ቆይታለች። የማጨሱ ነገር ግን እንደሚወራው አይደለም። ጥቁር ወጣቶች ከነጭ እኩዮቻቸው ያነሰ ያጨሳሉ፤ የሚጀምሩትም ዘግይተው ነው፤ ጎልማሶች ሲሆኑም በቀን የሚያጨሱት ፍሬ ከነጮቹ ያንሳል። የሚበልጠው ጉዳቱ ነው፤ የሳንባ ካንሰር ከነጭ ወንዶች ይልቅ ጥቁር ወንዶችን አብዝቶ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ያነሰ አጭሶ የበለጠ መጎዳት እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በ1998 የታተመ ጥናት ጥቁር አጫሾች ከእያንዳንዱ ፍሬ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ኒኮቲን ከነጮቹ በ30 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በቀን ጥቂት የሚያጨስ ሰው እያንዳንዷን ፍሬ በጥልቀት ስቦ እስከ መጨረሻዋ ሊጨርሳት ይችላል፤ ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ የሚሰባበርበት ፍጥነትም ከሰው ሰው ይለያያል። በ2006 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ የካንሰሩ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በቀን ከ30 ፍሬ በታች በሚያጨሱት ላይ እንደሆነና ከዚያ በላይ በሚያጨሱት ላይ እንደሚጠፋ አመልክቷል። በዚህ ላይ ዘግይቶ መመርመርንና የሕክምና መድን ማጣትን ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ሜንቶል፣ ማለትም የሚንት ጣዕም ያለው ሲጋራ፣ ለምን የጥቁሮች ሲጋራ ተባለ?

መልስ፦ ሰዎች እንዲህ እንዲሆን ስለሠሩበት ነው፤ ይህን ስናገር ዛሬም እቆጣለሁ። በ1950ዎቹ ሜንቶል የሚያጨሱት ጥቁር አጫሾች ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ ዛሬ ከ10 ጥቁር አጫሾች 8 ያህሉ ሜንቶል ያጨሳሉ። በመካከሉ የሆነው የታወቀ ነው፦ በጥቁሮች መጽሔቶችና ሰፈሮች ማስታወቂያ ተደራረበ፣ በየከተማው በመኪና እየተዞረ ሲጋራ በነፃ ታደለ። በ1990 መጀመሪያ የትምባሆ ኩባንያው አር ጄ ሬይኖልድስ «አፕታውን» የተባለ ሜንቶል ሲጋራ ለጥቁሮች ብሎ በፊላደልፊያ ሊያወጣ ሲዘጋጅ የከተማዋ ነዋሪዎችና አብያተ ክርስቲያናት ተነሡበት፤ የጤና ሚኒስትሩ ሉዊስ ሳሊቫንም በአደባባይ አወገዙት፤ ኩባንያው በጥር ወር ዕቅዱን ሰረዘ። ሆኖም የ2009ኙ የትምባሆ ሕግ ሌሎች የሲጋራ ጣዕሞችን ሲከለክል ሜንቶልን ተወው፤ በ2022 የቀረበው የሜንቶል ክልከላ ረቂቅም በ2025 ጥር ተሰረዘ። ሜንቶል ጉሮሮን ስለሚያቀዘቅዝ ጭሱ አይከብድም፤ ለመጀመር ይቀላል፣ ለማቆም ግን ያስቸግራል። ጥቁር አጫሾች ለማቆም ከነጮቹ በላይ እየሞከሩ ጥቂቶቹ ብቻ የሚሳካላቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ታክሲ ሾፌር ነኝ። አንድ ፍሬ ሳጨስ ውጥረቱ በእርግጥ ይቀለኛል፤ ይህን ሐሰት ነው ሊሉኝ ነውን?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፤ የሚሰማዎት እፎይታ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ሰውነትዎ መቅበጥበጥ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ፍሬ የሚያስታግሰው ይህን ያለፈው ፍሬ ያመጣውን ጭንቀት ነው። የመንገዱና የኪራዩ ጭንቀት እዚያው እንዳለ ይቆያል። ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ጭንቀታቸው ከቀድሞው እንደሚቀንስ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከባድ ናቸውና የኒኮቲን ማስቲካ ወይም በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን መድኃኒት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኛ ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አለንበትን?

መልስ፦ በጥናቶቹ መጠይቅ ላይ «ጥቁር» በሚለው እንቆጠራለን፤ ከውጭ አገር የመጡ ጥቁሮች ግን አሜሪካ ከተወለዱት በጣም ያነሰ ያጨሳሉ። በአገር ቤትም ከ10 ወንዶች የሚያጨሰው አንድ እንኳ አይሞላም። የቆዳው ቀለም ያው ሆኖ ልማዱ እንዲህ መራራቁ፣ ነገሩ ከደም ሳይሆን ከኑሮና ከገበያ እንደሚመጣ ያሳያል።

ጥያቄ፦ አባቴ 60 ዓመታቸው ነው፤ በቀን ግማሽ ፓኮ ለ40 ዓመት አጭሰዋል። የሳንባ ካንሰር ምርመራ ይገባቸዋልን?

መልስ፦ አዎን። ምርመራው ከ50 እስከ 80 ዓመት ላሉ፣ በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ወይም ከዚያ ጋር የሚተካከል ላጨሱና ገና ለሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ላልሞላቸው ይመከራል። የአባትዎ ግማሽ ፓኮ ለ40 ዓመት ልክ እዚያ ይደርሳል። እስከ 2021 ድረስ መለኪያው በቀን አንድ ፓኮ ለ30 ዓመት ማጨስና ቢያንስ የ55 ዓመት ዕድሜ ነበር፤ በዚያ ስሌት ለመመርመር ግማሽ ፓኮ ለ60 ዓመት ማጨስ ይጠበቅባቸው ነበር። መለኪያው ዝቅ እንዲል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በቀን ጥቂት እያጨሱ በካንሰር ቀድመው የሚያዙት ጥቁር ወንዶች ከምርመራው ውጭ መቅረታቸው ነው። ሐኪማቸው ዝቅተኛ ጨረር ያለው የሳንባ ሲቲ ስካን እንዲያዝላቸው በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያስይዙላቸው።