«ባለቤቴ ለገዳይዋ አዘነላት»

ከባሕር ዳር የተላከ ደብዳቤ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ቤተሰቡን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። አንድ ልጅ አለን። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር አንድ የግድያ ምርመራ ፊልም አየን። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት የታመመች እናቷን አሥራ አንድ ዓመት ታስታምማለች። ከተማ የሚኖር ወንድሟ ቤቱን ሊሸጥ ይመጣል። በነጋታው ሞቶ ይገኛል። ቤት ውስጥ ያሉት አምስቱም ሰዎች ይጠረጠራሉ። መጨረሻ ላይ ገዳይዋ እህቱ ሆና ተገኘች። እኔ በጣም ነው የዘገነነኝ። ሟቹ ምን አጠፋ? በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር። ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። ባለቤቴ ግን ‹እኔ አልፈርድባትም፤ እሱም አብዝቶታል› አለኝ። የሰው ነፍስ ጠፍቶ እንዴት እንዲህ ይባላል? ተጣላን። ከዚያ ወዲህ በደንብ አናወራም። ለነገሩ ፊልሙ መሃል ላይም ‹ውሃ ልጠጣ› ብሎ ወጥቶ ቆይቶ ነው የተመለሰው፤ ምንም አላስጨነቀውም። እናቴ ስትሮክ ከመታት አራት ዓመቷ ነው፤ አብራን ነው የምትኖረው። ባለቤቴ ጀልባ ላይ ነበር የሚሠራው። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ቤት ስለሚውል እሱ ነው የሚያያት። የቤቱ ወጪ በእኔ ደሞዝ ነው። አሁን ግን ፈራሁ። መድኃኒቷን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሰዓቱን ስለማላውቀው እሱን እየጠየቅሁ ነው የምሰጣት። ዘጠኝ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው አላውቀውም ማለት ነው? ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የፊልሙን ስም ስለጻፍሽልኝ ፈልጌ አየሁት። ለሥራ ብዬ ነው ብልም ሁለት ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

መጀመሪያ ያስፈራሽን ነገር እናንሳው። ባልሽ እጁን አንስቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ዝቶብሽ ከሆነ፣ ወይም እናትሽ ገላ ላይ የድብደባ ምልክት አይተሽ ከሆነ ይሄን መልስ ተዪውና ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ስለ ፊልም የተነገረ። ሰው ፊልም ውስጥ ላለች ገዳይ ስላዘነ ገዳይ አይሆንም። ሠሪዎቹም እንድናዝንላት አድርገው ነው የሠሯት። የዚህ ዓይነት ታሪክ አቁሞ የሚይዘው እኮ ይሄው ነው። አምስቱም ተጠርጣሪዎች ለመግደል የሚያበቃ በደል አላቸው፤ የሚገድለው ግን አንዱ ነው። ተመልካቹ አንዱን ባንዱ ላይ እየቀያየረ «እሷም እውነት አላት፣ እሱም እውነት አለው» ካላለ ፊልሙ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ወደ አንቺ ልምጣ። ከደብዳቤሽ አብዛኛው ስለ ፊልሙ ነው። ስለ እናትሽ ሕመም የጻፍሽው ሁለት መስመር አይሞላም። እኔ ግን ዓይኔ እዚያች ሁለት መስመር ላይ ነው የቀረው። በተለይ መሳቢያው ላይ።

መድኃኒቱን ከባልሽ ቆለፍሽበት፤ ከዚያ «ይቺኛዋ በስንት ሰዓት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽው። እሱም ነገረሽ። አንዴ አይደለም፣ በየቀኑ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ነጯ ኪኒን ጧት፣ ግማሿ ማታ ከምግብ በኋላ፣ ወይም እንደሐኪሟ ትእዛዝ። በቃሉ ነው የሚያውቀው። ሊመርዛት ይችላል ብለሽ የጠረጠርሽው ሰው፣ በቤቱ ውስጥ እናትሽን በሕይወት የሚያቆያትን ሰዓት የሚያውቅ ብቸኛው ሰው ነው። እኔ ብሆን ቁልፉን ወርውሬ የምሄድ ይመስለኛል። እሱ መለሰልሽ።

በሥነ ልቦና ሙያችን አንድ የቆየ ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሄንሪ መሪ እና ክሪስቲያና ሞርጋን የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ሰዎች ያወጡት ነው። ትርጉሙ ያልለየለት ሥዕል ታሳዪውና «እዚህ ምን እየሆነ ነው? መጨረሻውስ?» ብለሽ ሰውየውን ትጠይቂዋለሽ። በኋላ የታተሙት ካርዶች 31 ናቸው፤ አንደኛዋ ምንም የሌለባት ነጭ ናት። ሰው ስለ ሥዕሉ ሲያወራ ስለ ራሱ ያመልጠዋል የሚል ሐሳብ ነው። ፈተናው ምን ያህል እንደሚታመን ዛሬም እንከራከራለን፤ ስለዚህ ባንድ የፊልም አስተያየት ማንንም አልመረምርም። ግን ቅዳሜ ማታ ሁለታችሁም አንድ ሥዕል አይታችሁ ሁለት ታሪክ አወራችሁ። እሱ ያወራው ስለ አስታማሚዋ ነው። አንቺ ያወራሽው ገንዘብ ስለሚልከው ወንድም ነው። «ምን አጠፋ?» ብለሽ ስትጽፊ ድምፅሽ ከፍ ይላል። ለሟቹ ብቻ ጥብቅና የቆምሽ አልመሰለኝም።

አትቆጪኝ። ደሞዝሽ ቤቱን ይዟል፤ ቀላል ነገር አይደለም። እናትን እንደዚያ ሆና ማየትም የሚከብድ ነገር ነው። ሥራ መሄድ ከአልጋው አጠገብ ከመቀመጥ የሚቀልላቸው ብዙ ልጆች አውቃለሁ፤ ስለማይወዱ አይደለም፣ ስለሚወዱ ነው የሚሸሹት። ግን የሚሸሽ ሰው ሲኖር የሚቀርም አለ።

አሁን ያልጻፍሽልኝን ትዕይንት ላንሳ። ፊልሙን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ተርከሽልኛል፤ ይቺን ብቻ ዘለልሻት። መሃል ላይ ነው የምትመጣው። መርማሪው ኩሽና ውስጥ ከሴትየዋ ጋር ቁጭ ብሏል። ስለ ወንድሟ ይጠይቃታል ብዬ ስጠብቅ፣ «ሌሊቱን ሙሉ የተኛሽው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?» አላት። ሴትየዋ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ማቆም አቃታት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይሄን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው መሞት ነበረበት።

ባልሽ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ የወጣው የቱ ጋ ሲደርስ ነው? አብሬያችሁ አልነበርኩም፤ እዚያች ላይ ነው ብዬ አልምልም። አንቺ ግን ታስታውሻለሽ። «ምንም አላስጨነቀውም» ያልሽውን ደግመሽ አስቢው። ሰው እኮ ሳይጨንቀው ሲቀር ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ፈንዲሻውን ይበላል።

ስትሮክ መቷት ራሷን መገልበጥ የማትችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር አለባት ይባላል። ማታ አራት ሰዓት የተኛ ሰው ስድስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል ማለት ነው። እናትሽ እዚህ ደረጃ ላይ ትሁን አትሁን አልጻፍሽም። ሌሊት የሚነሳው ማን እንደሆነም አልጻፍሽም። የመድኃኒት ሰዓት የማያውቅ ሰው ሌሊት የሚነሳ አይመስለኝም። ከተሳሳትኩ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሌላም አለ። ባልሽ ጀልባ ላይ የነበረ ሰው ነው። እንግዳ ጭኖ ወደ ዘጌ ሲሻገር፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ሲያሳይ ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማው ሰው ነበር። አሁን አራት ግድግዳ ውስጥ ነው። ጣና ግን እዚያው ደጁ ነው። በኛ አገር ደግሞ አማትና አማች ተከባብረው፣ ተፋፍረው ነው የሚኖሩት። አማቱን የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብ ወንድ ይሄን ለማን ያወራል? ከጓደኞቹ ጋር ቡና ሲጠጣ ያነሳዋል? አያነሳውም። ለአንቺም አላነሳውም። ፊልም ላይ አንዲት ሴት ሲያይ «አልፈርድባትም» አለ። ምናልባት በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ራሱ የተናገረው ይሄንኑ ብቻ ይሆናል። አንቺ ደግሞ እንደ ክስ ማስረጃ ያዝሽው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ስቲቨን ዛሪት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለአስታማሚዎች አንድ መጠይቅ አዘጋጀ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 22 ጥያቄ አለው። አንዱ በግርድፉ «ከታማሚው አጠገብ ሲሆኑ ንዴት ይሰማዎታል?» ይላል። ሌላው «ለራስዎ ጊዜ አጥቻለሁ ይላሉ?» ዓይነት ነው። መጠይቁ ንዴትን እንደ ወንጀል አያየውም። የሚወድም፣ የሚያለቅስም፣ እጁን አጥቦ ሾርባ የሚያጎርስም ሰው ይናደዳል። ተናዶም ማጉረሱን ይቀጥላል።

አንቺ ከመርማሪው የወሰድሽው ጥርጣሬውን ነው። መሳቢያ ቆለፍሽ፣ ንግግሩን መዘገብሽ፣ ሲወጣ ሲገባ ተከታተልሽ። ጎበዝ መርማሪ ግን ጊዜውን የሚጨርሰው በማዳመጥ ነው። ኩሽና ገብቶ፣ በርጩማ ስቦ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል።

ምን ላድርግ ላልሽው ብዙ የምለው የለኝም፤ ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፊልሙን መልሰሽ አታንሺው፤ ማን ትክክል ነበር የሚለው የትም አያደርሳችሁም። የመሳቢያውን ቁልፍ መልሺለት፤ ስትመልሺ ምክንያት አትደርድሪ፣ «አጠፋሁ» ይበቃል። ወዲያው ላይመልስልሽ ይችላል። ሦስት ሳምንት እንደ ተጠርጣሪ የታየ ሰው ባንድ ማታ አይፈታም፤ ታገሺው። ወንድም እህት ካለሽ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀን አስከፍያቸው፤ ቢያንስ እሑድን። በሳምንት አንድ ሁለት ጧት እሱ ሐይቁ ላይ እንዲወጣ አድርጊ፤ ቱሪስት ባይኖርም ይውጣ።

ከዚያ ሁለታችሁም አብራችሁ ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ፤ እዚያ ብትጠይቁ ወደ ማን እንደምትሄዱ ያሳዩዋችኋል። እኔ ያየሁት ያንቺን ደብዳቤ ብቻ ነው። የሱ ደብዳቤ ቢደርሰኝ ምናልባት እሱንም የምወቅስበት ነገር አላጣም፤ አራት ዓመት ዝም ማለቱ ራሱ አንድ ነገር ነው።

ለዛሬ ማታ ግን እናትሽ በስንት ሰዓት እንደምትገላበጥ ጠይቂውና አላርሙን አንቺ ስልክ ላይ ሙይው። ስምንት ሰዓት ካለሽ ስምንት ሰዓት ላይ። ሲነሳ ካየሽው «ተኛ» በይው።