«ስልኩን ስለነካሁ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ»

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ለአንዲት ሴት በየወሩ በቴሌብር ብር እንደሚልክ አየሁ፤ የሚጻጻፉትንም አነበብኩ። ስጠይቀው መጀመሪያ በማርያም ማለ። ቀጥሎ «ስልኬን የምትበረብሪው ጤነኛ ነሽ?» አለኝ። መጨረሻ ላይ ገፈተረኝና ከግድግዳ ጋር ተጋጨሁ። ሽማግሌ የጠራው ራሱ ነው፤ «ቅናቷ አላኖር አለኝ» ብሎ። ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ፣ ጠየቅኩ። ከሳምንት በኋላ ሐብል ገዛልኝ፣ ቢሾፍቱም ወሰደን። የደመወዜ ካርድ እሱ ጋ ነው። አሁን ያየሁትን እንኳ እጠራጠራለሁ። አእምሮዬ ተነክቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀኑ፣ ብሩ፣ የተባባላችሁት ሁሉ በቦታው አለ። ያየሽውን አይተሻል። «የለም» እየተባለ ዓመታት የኖረ ሰው ዓይኑን ቢጠራጠር አይገርምም።

እኔን ያስቆመኝ ሽምግልናው ነው። የብር ጥያቄ ይዘሽ ተነሳሽ፣ የስልክ ይቅርታ ጠይቀሽ ተመለስሽ። ከሽማግሌዎቹ ስለ ብሩ ያነሳ ነበር? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄኒፈር ፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን አካሄድ ጽፋበታለች፦ አጥፊው መጀመሪያ ይክዳል፣ ከዚያ ጠያቂውን ያጠቃል፣ በመጨረሻ ተበዳዩ ራሱ ሆኖ ይቀርባል። ባለቤትሽ ሦስቱንም በተራ አድርጓቸዋል። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች ናቸው አልልም፤ የሰሙት ግን ቀድሞ የደረሰውን ከሳሽ ነው።

ሐብሉስ? እዚህ ላይ ራስሽን አትውቀሺ። ደተንና ፔይንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 እንደጻፉት፣ በደልና ደግነት እየተፈራረቁ ሲመጡ፣ በተለይ አንዱ በሌላው ላይ የበላይ በሆነበት ቤት፣ ትስስሩ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ሁልጊዜ ክፉ ቢሆን ኖሮ መቁረጡ ይቀልሽ ነበር። ቢሾፍቱ ላይ የተሰማሽ ደስታም እውነተኛ ነው፤ ሞኝነት አይደለም።

«ናርሲስት ነው»፣ ማለትም ከራሱ በቀር ሌላ ሰው አይታየውም፣ እንድልሽ ጠብቀሽ ይሆናል፤ ቲክቶኩ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ያላየሁትን ሰው አልመረምርም፤ ስሙን ብናገኝለትም ካርድሽ አይመለስም።

ክህደት ደርሶበት የዳነ ትዳር አይቻለሁ። የዳነው ግን የካደው ሰው ሳይገደድ ሲያምን፣ ግንኙነቱን ሲያቋርጥና ጥያቄን ሳይቆጣ ሲመልስ ነው። ፍርሃት ባለበት ቤት ግን አብራችሁ ምክር እንድትገቡ አልመክርም። አማካሪው ፊት የተናገርሽውን ማታ ቤት ውስጥ ልትከፍይበት ትችያለሽ። ለብቻሽ ጀምሪ።

ግፍተራውን በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ አላልፈውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ለሰው ብትነግሪ የምትሰማሽ አታጪም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ጉሮሮሽን ይዞሽ ያውቃል? አንዴም ቢሆን ይዞሽ ከነበረ ጉዳዩ ከክህደት አልፏል፤ የሕይወት አደጋ ምልክት ነውና ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

የአባላዘር በሽታና የኤችአይቪ ምርመራ አድርጊ፤ ይህን ለነገ አታሳድሪው። ስለ ካርዱ፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እያንዳንዱ ተጋቢ የየራሱን ገቢ ይቀበላል ይላል። ሆኖም ባንክ ከመሄድሽ በፊት ሲያውቅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቢ፤ ጥቃት ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሴቷ መላቀቅ ስትጀምር ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ መጀመሪያ እዚያ ብትሄጂ እመርጣለሁ። ያየሽውንም ከነቀኑ በደብተር ጻፊ፤ ደብተሩ ግን መሥሪያ ቤት ይቀመጥ እንጂ ቤት አይግባ።

ስልክሽን የሚያይ ከሆነ ደግሞ ይህን መልስ አንብበሽ ስትጨርሺ አጥፊው።