«ቦታው ደህና ነው» ሲባል

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ፕሮስቴት (ከወንዶች ሽንት ፊኛ ሥር ስላለው ዕጢ) ካንሰር ናቸው፤ አራቱም ዞረው ዞረው የሚጠይቁት ካንሰሩ በዕጢው ላይ ስላለበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮስቴቴ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ነው። ሐኪሙ «ካንሰሩ ያለበት ቦታ ደህና ነው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይሆን?

መልስ፦ ማጽናኛ ብቻ አይደለም። ከአሥር የፕሮስቴት ካንሰሮች ሰባት ያህሉ የሚነሱት በፊንጢጣ በኩል ካለው ውጨኛ ክፍል ነው። ሁለት ያህሉ ደግሞ የሽንት ቧንቧውን ከከበበውና በዕድሜ ከሚያብጠው ውስጠኛ ክፍል ይነሳሉ። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ሆነው፣ የፒ ኤስ ኤ (ፕሮስቴት የሚሠራው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን) ቁጥሩንም ሰቅለው ይገኛሉ፤ ሆኖም ከፕሮስቴቱ ሳይወጡ የመቆየትና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለመመለስ ዕድላቸው የተሻለ ነው። ወደ ሽንት ፊኛ ከተጠጋው ማዕከላዊ ክፍል ካንሰር የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው፤ ከተነሳ ግን ኃይለኛ ነው፣ የዘር ፈሳሽ ከረጢቱንም ይወራል። ይሁንና እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው የግሊሰን ውጤቱን፣ ማለትም ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ለካንሰሩ ክፋት የሚሰጠውን ነጥብ ነው። ክፉ ካንሰር ደህና ቦታ ቢቀመጥም ክፉ ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ ፒ ኤስ ኤ እየጨመረ ሁለት ጊዜ ናሙና ተወስዶ «ንጹሕ ነው» ተባልን። በኋላ በኤም አር አይ ካንሰር ታየ። ስሕተት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የሐኪም ጣትም ሆነ በፊንጢጣ በኩል የሚገባው መርፌ የሚደርሰው ከኋላ ነው፤ ከፊት የተደበቀው ሊያመልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የፓቶሎጂ ወረቀቴ «በታችኛው ጫፍ ጠርዙን ነክቷል» ይላል። ቀርቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ የወጣው ፕሮስቴት ላዩ ቀለም ተቀብቶ በስሱ ይቆራረጣል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰሩ ቀለሙን ከነካ ያ ቃል ይጻፋል። በታችኛው ጫፍ ዕጢው ጥርት ያለ ሽፋን የለውም፤ ሐኪሙም ሽንት የሚቋጥረውን ጡንቻ ላለመጉዳት ተጠንቅቆ፣ ጠጋ ብሎ ይቆርጣል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የተለመደ ነገር ነው። የመመለስ ዕድልን ይጨምራል፤ ተመልሷል ማለት ግን አይደለም። ዳኛው ፒ ኤስ ኤ ነው፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የማይለካ ያህል መውረድ አለበት። 0.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ነው ተመልሷል የሚባለው።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴም አልነገርኩም። የወንድነቴ ነገርስ?

መልስ፦ ቦታው እዚህም ይገባል። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች ከዕጢው ኋላ፣ በግራና በቀኝ ተጠግተው ያልፋሉ። ካንሰሩ በአንዱ ጎን ከተጠጋቸው፣ ሐኪሙ የዚያን ጎን ነርቭ አብሮ ሊያነሳ ይችላል። አስቀድመው «የየትኛውን ጎን ነርቭ ማትረፍ ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። ባለቤትዎንም ይዘው ይሂዱ፤ እርስዎ ያፈሩበትን እሳቸው ይጠይቃሉ።